እናቴ በእግሯ ያቋረጠችው ሜዳ

እናቴ አየር ጤና ላይ የጨርቅ ሱቅ አላት። ዛሬ ሥራውን የያዘው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ እሷ ግን አሁንም በሳምንት ሦስት ቀን ሄዳ በሩ ላይ ካልተቀመጠች ያማታል። ሰባ ዓመት አልፏታል። በትክክል ስንት ዓመቷ እንደሆነ እሷም አታውቅም፤ መታወቂያዋ ላይ ያለውን ዓመት የቀበሌ ጸሐፊ ፊቷን አይቶ ገምቶ ነው የጻፈው።

ልጆች ሳለን ደጋግማ የምትነግረን አንድ ታሪክ ነበረ። አዲስ አበባ የገባችው በእግሯ ነው። አባቴን ካገባች ዓመት አልሞላትም፤ እሱ ኮልፌ ሱቅ ተቀጥሮ ሲሠራ እሷ ከቡታጅራ ወዲያ ባለው አገራችን አማቷ ዘንድ ቀርታለች። አንድ ክረምት «ባልሽ ክፉኛ ታሟል» የሚል ወሬ ደረሳት። ዝናቡ መንገዱን ቆራርጦት መኪና የሚባል ነገር የለም። ሦስት ቀን ጠበቀች። በአራተኛው ቀን በሶ ቋጥራ ተነሣች። አማቷ «ኧረ ሴት ልጅ ብቻዋን!» ብለው ቢጮኹም አልሰማቻቸውም። መጀመሪያ ከነጋዴዎች ጋር፣ ኋላም ብቻዋን ተጉዛ፣ አዋሽን በአንዲት የማታውቃት ሴት እጅ ተሻግራ፣ በአምስተኛው ቀን ኮልፌ ደረሰች። አባቴን ያገኘችው ድኖ፣ ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ስኳር ሲመዝን ነው።

እውነቱን ልናገር፤ አላመንናትም። ወላጆች ሁሉ «በኛ ጊዜ» የሚሉት ተረት አላቸው፤ ይህም የእሷ ተረት ነው አልን። አባቴ በሕይወት ሳለ «እውነቷን ነው» ይል ነበር። ነገር ግን እየሳቀ ስለሚለው እሱንም አላመንነውም። እኔ በተለይ፣ ከፍ ካልኩ በኋላ፣ አንድ ቀን «እማ፣ አምስቱን ቀን ወደ ሁለት ብታደርጊው ይሻላል፤ ሰው ይቀበልሻል» ብዬ ቀልጄባታለሁ። እሷ የምትለካውን ጨርቅ መለካቷን ቀጠለች።

እኔ ቤቴል አንድ ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ስለማጎነብስ ወገቤን ያመኝ ጀመር፤ ሐኪሙም «ተራመጂ» አለኝ። በዚህ ሰበብ ነው እሁድ እሁድ ከከተማ ወጥቶ በእግር ከሚጓዝ ቡድን ጋር የተቀላቀልኩት። ወጣቶቹ «ሃይኪንግ» ይሉታል። እናቴ ይህን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰማ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ሜዳ ላይ በእግር መሄድ ነው» አልኳት።

«ወዴት ለመድረስ?»

«የትም። ደርሶ መመለስ ነው።»

«ጥጋብ ነው» አለች።

አምና ክረምቱ እንደወጣ፣ ቡድኑ ወደ መልካ ቁንጡሬ ሊሄድ መሆኑን እራት ላይ አነሣሁ። በአለም ገና ታልፎ፣ ቡታጅራ መንገድ ላይ ከአውቶቡስ ተወርዶ፣ ሜዳውን በእግር አቋርጦ እስከ አዋሽ። እናቴ የያዘችውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰች።

«እኔም እመጣለሁ» አለች።

ወንድሜ ሳቀ። እኔ ግን ፊቷን አይቼ አልሳቅኩም።

እሁድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አየር ጤና ፌርማታው አጠገብ ስንደርስ አውቶቡሱ ቆሟል። ጉዞው የእግር ስለሆነ ሁሉም ሰው የስፖርት ጫማውን አጥብቋል፣ የውኃ ቦርሳውን አንግቷል። እናቴ ረጅም ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሽዋን አገጯ ሥር ቋጥራ፣ ኮንጎ ጫማ አድርጋ ነው የመጣችው። የእኔን የስፖርት ጫማ ብሰጣት «እግሬን ያስረዋል» ብላ እንቢ አለች። በእጇ ከጎረቤት የለመነችውን የመጥረጊያ ዘንግ እንደ ምርኩዝ ይዛለች።

የቡድናችን መሪ ጨዋ ወጣት ነው። እናቴን ሲያይ ግን ተጨነቀ። ጎንበስ ብሎ ሰላም አላትና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ማዘር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መንገዱ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንዳይከብድዎት።»

«በአንድ ቀን ነው?» አለችው።

«አዎ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጨርሳለን።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚከብደው?» ብላ አውቶቡሱ ላይ ወጣች።

እኔ ኋላዋ ስወጣ አንገቴን ደፋሁ። ያን ጊዜ የተሰማኝ ኩራት አልነበረም፤ ኀፍረት ነበር። ሁለት ሰዓት ሄዳ ትደክምና ቡድኑን በሙሉ ታስቆማለች ብዬ ፈርቻለሁ። ማስታገሻ፣ ፋሻ፣ የስኳር ከረሜላ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ሁሉም ለእሷ ነው።

ከአውቶቡሱ ወርደን ሜዳውን ስንጀምር ፀሐይ ገና አልበረታችም። ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፤ በመካከሉ ቢጫ አበባ ተረጭቷል። ጤዛው ሱሪያችንን እስከ ጉልበታችን አራሰው። ከፊታችን መሬቱ ቀስ እያለ ወደ አዋሽ ያዘቀዝቃል፣ በስተቀኝ በሩቁ የተራሮቹ ሰማያዊ ጀርባ ይታያል። እናቴ መጀመሪያ ከኋላ ነበረች። ቀስ ብላ፣ አንድ ዓይነት እርምጃ፣ ሳትፈጥን ሳትዘገይ። እኛ ወጣቶቹ ፎቶ ለመነሣት ስንቆም እሷ አትቆምም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ከኋላ ተነሥታ መሐል ገባች።

ከኛ ጋር አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች፤ አንገቷ ላይ አጉልቶ ማያ መነጽር አንጠልጥላ፣ ያየችውን ወፍ ሁሉ ደብተር ላይ የምትጽፍ። ለመመረቂያ ጽሑፏ ነው። ድንገት እጇን ዘርግታ አስቆመችን። ሣሩ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ ቆማለች፤ ጉሮሮዋ እንደ እርድ ቢጫ፣ ከሥሩ እንደ አንገት ሐብል ጥቁር መስመር ያላት።

«ይህቺ ከኛ አገር በቀር ዓለም ላይ የትም የለችም» አለች ተማሪዋ በሹክሹክታ።

እናቴ ከአጠገቧ ደርሳ አየቻት። ከዚያም በትውልድ መንደሯ ቋንቋ ስሟን ጠራቻት። እኔ ቋንቋውን እሰማለሁ፣ ይህን ቃል ግን በዕድሜዬ ሰምቼው አላውቅም።

«ምን አሉ?» አለች ተማሪዋ።

«ስሟ ነዋ! ሙሽሪት ማለት ነው፤ ሐብሏን አታዪም? ጎጆዋ መሬት ላይ ነው፣ ሣር ውስጥ። እኛ የቤት ክዳን ሣር ስናጭድ ጎጆዋን ካገኘን ዙሪያውን ትተን እናልፍ ነበር። ጎጆዋን የረገጠ አያገባም ይባላል።»

ተማሪዋ ደብተሯን ገለጠች። «እባክዎ እንደገና ይበሉልኝ፤ ቀስ ብለው።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱ አልተለያዩም። ተማሪዋ በመነጽሯ ታያለች፣ እናቴ በዓይኗ። አብዛኛውን ጊዜ ቀድማ የምታየው እናቴ ናት። አንዴ ከሩቅ የሚያጓራ ድምፅ ሰማን፤ አንድ መንጋ ትልልቅ ቡናማ ወፎች በላያችን አለፉ፣ መንቁራቸው እንደ ማጭድ የጎበጠ።

«ጋጋኖ ነው» አለች እናቴ። ወደ እኔ ዞራ «ቤትሽ ጣሪያ ላይ በየጠዋቱ እየጮኸ የሚቀሰቅስሽ ማን መሰለሽ?» አለችኝ።

ስድስት ዓመት ቤቴል ኖሬአለሁ። ያ ጩኸት የጎረቤት በር ማጠፊያ ዘይት አጥቶ ይመስለኝ ነበር።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ሜዳው ተለወጠ። ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴና ለጥ ያለ፣ ከሁሉ የሚያምር ቦታ ነበር። መሪያችን ስልኩን አየና በቀጥታ መሐሉን ለመቁረጥ አመለከተ። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመች። ዘንጓን መሬት ላይ ተክላ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ቃኘች።

«ልጄ፣ በዚያ አትሂዱ» አለች።

«ማዘር፣ ጂፒኤሱ በዚህ ነው የሚለው። ባለፈው ጥር በዚሁ ነው ያለፍነው።»

«ጥር ሌላ፣ መስከረም ሌላ። ደግሞ ያ ያልከው ሰውዬ እዚህ ኖሯል?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። መሪያችንም ሳቀ፤ ነገር ግን መንገዱን አልለወጠም። «አንዴ ልሞክረው» ብሎ ብቻውን ገባ። አሥር እርምጃ ያህል ደኅና ሄደ። በአሥራ አንደኛው እግሩ እስከ ጉልበቱ ገባ። ሊያወጣው ሲታገል ሁለተኛውም ገባ። ረግረግ ነበር፤ ሣሩ ነው የሸፈነው።

ሁላችንም ጮኽን። አንዱ ሊሮጥለት ሲል እናቴ ዘንጓን ደረቱ ላይ ይዛ ከለከለችው። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

«አትታገል፣ ልጄ። ቁጭ በል። ቁጭ በል እንጂ! ወደ ኋላህ ተንጋለልና እግርህን ቀስ ብለህ ሳበው።»

ታዘዘ። ተንጋለለ፣ ጭቃው ውስጥ ጀርባው እስኪዋጥ ድረስ። አንድ እግሩ ወጣ፣ ሌላውም ወጣ። እናቴ መሬቱን እየወጋች ጥቂት እርምጃ ጠጋ ብላ ዘንጓን ዘረጋችለትና እኔና ሌላ ሰው ከኋላ ይዘናት ጎትተን አወጣነው። አንድ ጫማው እዚያው ቀረ። ነጭ የነበረው ሹራቡ ጥቁር ሆኗል።

«በየት እንሂድ፣ ማዘር?» አለ።

እናቴ በጣቷ አሳየችው። «ጋጋኖዎቹን እያቸው። መንቁራቸውን እስከ ዓይናቸው ይነክራሉ፤ ስለዚህ መሬቱ ቡኮ ነው፣ እግር ይውጣል። እነዚያ ትንንሾቹ፣ እግራቸው የቀጠነው፣ ሲሮጡ ይታዩሃል? እነሱ እግራቸው እንዲርስ አይወዱም። ጠንካራ መሬት ላይ ነው የሚሮጡት።»

እውነትም፣ በረግረጉ መሐል ደረታቸው ነጠብጣብ ያለባቸው ወፎች አንድ መስመር ይዘው ወዲያና ወዲህ ይሮጣሉ። ሰው ካላሳየ በቀር ማንም የማያስተውለው መስመር ነው። እናቴ ቀድማ ገባች። በየእርምጃዋ ዘንጓን እየወጋች፣ «ቢስሚላህ» እያለች። እኛ ሃያ ሁለት ሰዎች በእግሯ ዳና ላይ እየረገጥን በአንድ ረድፍ ተከተልናት። ወፎቹ ከፊቷ ትንሽ እየበረሩ እንደገና ያርፋሉ፤ እሷም የሚያርፉበትን እያየች ትዞራለች። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀብን። ማንም ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አልሰመጠም።

ማዶ ስንደርስ አጨበጨቡላት። እሷ ጭብጨባውን እንደ ዝንብ በእጇ ገፋችና ውኃ ጠየቀች። ልትጠጣው መስሏቸው አምስት ሰዎች ጠርሙስ ዘረጉላት፤ እሷ ግን ለውዱእ ነበር የፈለገችው። ታጥባ፣ ፊቷን ወደ ቂብላ መልሳ፣ ሣሩ ላይ ዙህር ሰገደች። ግንባሯ ሣሩ ውስጥ ሲጠፋና ሲመለስ አይቼ፣ ከማንም ጋር እንዳላወራ ዞር አልኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ማስታገሻ አስታወስኩና በራሴ አፈርኩ።

አዋሽ ጋ ስንደርስ ውኃው ከክረምቱ ገና አልጎደለም፤ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። ድልድዩ ከላይ ይታያል። እናቴ ግን ወደ ድልድዩ አልሄደችም። ዳር ዳሩን ወደ ታች መራመድ ጀመረች፣ አንድ ነገር እንደጠፋበት ሰው እያየች። አንድ ሽማግሌ ከብቶቻቸውን ውኃ እያጠጡ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው። እሳቸውም መለሱ። ከዚያ ንግግሩ ቀጠለ፣ ረዘመም። እናቴ ገበያ ላይ የሚበቃትን ያህል ኦሮምኛ እንደምትችል አውቃለሁ፤ እንዲህ አድርጋ ስትናገር ግን ሰምቻት አላውቅም። መሪያችን ቋንቋው የአፍ መፍቻው ነውና ለኛ ይተረጉምልን ጀመር።

«ሽማግሌው በየት እንደተሻገሩ ነው ማዘርን የሚጠይቋቸው» አለ። «ማዘርም፣ የድልድዩ መንገድ በጎርፍ ተቆርጦ ስለነበር ከሾላው በታች ባለው መሻገሪያ፣ በመልካው ነው የተሻገርኩት፣ አሉ። ሾላው ወድቋል፣ አሏቸው ሽማግሌው። ከወደቀም ጉቶው አይጠፋም፣ አሉ ማዘር።»

ሽማግሌው ተነሡ። ከብቶቻቸውን ትተው መሩን። መቶ እርምጃ ያህል ስንወርድ፣ ወንዙ ሰፍቶ የሚረጋበት ቦታ ላይ፣ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ጉቶ አለ። እናቴ እጇን ጉቶው ላይ አሳረፈች።

«ማን አሻገረሽ?» ሲሉ ሽማግሌው በአማርኛ ጠየቋት፣ ለኛም እንዲገባን ብለው ይመስለኛል።

«አንዲት ሴት። ረጅም ናት። ነጠላዋን ከነጠላዬ ጋር ቋጥራ፣ ከወደቅን አብረን ነው አለችኝ። ማዶ ካደረሰችኝ በኋላ ገብስ ቆሎ ሰጥታኝ፣ ቤቷ አሳድራኝ፣ ጠዋት ሸኘችኝ። ስሟን ሳልጠይቃት ሄድኩ፤ ያን ጊዜ ልቤ ባሌ ጋ ነበር።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አክስቴ ናት። የአባቴ እኅት። በክረምት ሰው የምታሻግር ሌላ ሴት እዚህ አልነበረችም። ነጠላ መቋጠርም የእሷ ነው።» ስሟን ነገሯት።

«አለች?»

«አርፋለች። ቆይቷል።»

እናቴ ሁለት እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገችላት። ሽማግሌው ቆባቸውን አውልቀው ቆሙ። እኔ እዚያ ጉቶ አጠገብ፣ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሴት፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ወደ እናቴ ጠጋ ብዬ «እማ፣ ይቅርታ» አልኳት።

«ለምኑ?»

«አላመንኩሽም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለችኝ፣ ሻሽዋን እያስተካከለች። «እኔ ለመታመን ብዬ አልመጣሁም። አባትሽ ታሞ ነው የመጣሁት።»

ከሰዓት በኋላ የመልካ ቁንጡሬን ሙዚየም ጎበኘን። የሣር ክዳን ባላቸው ክብ ቤቶች ውስጥ፣ ከዚያው መሬት ተቆፍረው የወጡ የድንጋይ መሣሪያዎች ተደርድረዋል። የአንዳንዱ ዕድሜ ከሚሊዮን ዓመት ያልፋል። አስጎብኚው አንድ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ባልጩት አሳየን፤ ጠርዙ የተሳለ፣ መዳፍ የማይሞላ። የጥንት ሰዎች ቆዳ ይፍቁበት እንደነበር አስረዳን።

«ይኼማ የጎረቤታችን ነው» አለች እናቴ።

አስጎብኚው ፈገግ አለ። «እናቴ፣ ይህ በጣም ጥንታዊ ነው።»

«እሱን አልኩህ እንዴ? ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን ቆዳ የሚያለፋው በዚህ ነበር። ድንጋዩን እንጨት ላይ ያጣብቀዋል፣ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ራሱ ይስበዋል። ሲደንዝ ጫፉን ትንሽ ይመታና እንደ አዲስ ይሆናል። ስባሪውን መንገድ ላይ እንዳይጥል እናቴ ትቆጣው ነበር፤ የልጆች እግር ይቆርጣል።»

የአስጎብኚው ፈገግታ ሌላ ዓይነት ሆነ። ከኪሱ ወረቀት አወጣ። እንጨቱ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ድንጋዩ በምን እንደሚጣበቅ፣ የት እንደሚመታ ጠየቃት። እሷም እጆቿን አየር ላይ አንቀሳቅሳ አሳየችው፤ ወደ ራሷ ስትስብ፣ ስትመታ፣ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ስትፈትሽ። ሌሎች ጎብኚዎችም ቀርበው ከበቧት። ከኋላዬ የነበረች አንዲት የማላውቃት ሴት ትከሻዬን ነካ አድርጋ «እኚህ እናት ማን ናቸው?» አለችኝ።

«እናቴ ናት» አልኳት። ይህን ቃል በሕይወቴ ስንት ሺህ ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። የዚያን ቀን ሳወጣው ግን ደረቴ አልበቃው አለ።

ስንመለስ መሪያችን በባዶ እግሩ፣ ጭቃው ደርቆበት፣ አውቶቡሱ ውስጥ ከሹፌሩ ጀርባ ያለውን መቀመጫ ለእሷ ሰጣት። አየር ጤና ስንወርድ እጇን ሳማት። በሳምንቱ ሲደውል የፈለገው እኔን አልነበረም፤ ስልኩን ለእናቴ እንድሰጣት ጠየቀኝ። ወደ ገፈርሳ ሊሄዱ ነበር። እሷ መሬቱ ምን ይመስላል፣ ዝናብ ከጣለ ስንት ቀን ሆነው ብላ ጠየቀችው። የዚያን እሁድ ግን ሰርግ ስለነበራት ለሚቀጥለው ወር ቀጠረችው። ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ ወጥታለች።

ተማሪዋም ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ሱቁ ትመጣለች። ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ትገልጣለች፤ የወፎቹን ስም በእናቴ ቋንቋ የምትጽፍበት ደብተር ገጹ እያለቀ ነው። ባለፈው ሐሙስ እኔም እዚያ ነበርኩ። ተማሪዋ የጻፈችውን ከላይ እስከ ታች አነበበችላት። እናቴ በጥሞና አዳመጠች።

«ጥሩ ነው» አለች። «የጋጋኖን ስሙን ጽፈሻል፣ መልኩን ጽፈሻል። ጩኸቱንስ?»

«ጩኸቱን በፊደል መጻፍ አቃተኝ» አለች ተማሪዋ።

እናቴ ሜትሯን አስቀመጠች፣ ጉሮሮዋን ጠረገችና በሱቁ መሐል ቆማ እንደ ጋጋኖ ጮኸች። የመጋረጃ ጨርቅ የምትመርጠው ደንበኛ ደንግጣ ዞረች፤ መንገድ ማዶ ያሉት ጋራዦች ውስጥ መዶሻው ቆመ። እናቴ ማንንም አላየችም።

«እንዲህ ነው» አለቻት። «አሁን ጻፊ።»